የአሻንጉሊቶቹ ነጠላ

እናቴና እኔ መንዝ፣ ዘመሮ ከተማ ላይ ላለች አንዲት ትንሽ ሱቅ የአሻንጉሊት ልብስ እንሠራለን። አሻንጉሊቶቹን ባለሱቋ ከአዲስ አበባ ታስመጣቸዋለች፤ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይመጣሉ። እናቴ ከጥቁር በግ ጠጉር ስንዝር የማትሞላ በርኖስ ትሰፋለች፤ ከአሮጌ ነጠላ ቆርጣም፣ ጥለቱን ሳትረሳ፣ ነጠላ ታለብሳቸዋለች። የኔ ድርሻ ወረቀት ነው። ለጥምቀት ጃንጥላ፣ ለልደት አበባ እሠራለሁ። ወረቀት ይሻለኛል፤ ቢበላሽ ይቀደዳል እንጂ ማንም አያዝንበትም።

ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ እንደገባ፣ ሹፌር የነበረው ታላቅ ወንድሜ አፋር በረሃ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። መንገዱ ሩቅ፣ ሙቀቱም አላስመጣ ቢላቸው ባልደረቦቹ እዚያው ቀበሩት። ስልክ የተደወለው ለአጎቴ ነበር። አጎቴ ጎረቤቱንና የእናቴን የነፍስ አባት አማክሮ እሷ ለጊዜው እንዳትሰማ ተወሰነ። ደም ግፊት አለባት፤ በጾሙም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አትቀምስም። «ባዶ ሆዷን መርዶ አትሰማም፤ ፋሲካ ይለፍ» አለ አጎቴ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን የወለደችው ብቻ ሳታውቅ ልትከርም ነው። እኔም አንድ ጣሪያ ሥር አብሬያት እያደርኩ፣ ወንዝ ወርጄ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ እየተመለስኩ ወረቀት አጥፍ ጀመር።

ወንድሜ እሁድ እሁድ ይደውልላት ነበር። ሲቀር ኔትወርክ ነው አልኳት። መቼም መንዝ ውስጥ ኔትወርክ የማይሸከመው ኃጢአት የለም። እሷም ስፌቷን ቀጠለች።

የጾሙ እኩሌታ ላይ የሠራነውን ለሱቅ ባደረስኩ በሳምንቱ ባለሱቋ አስጠራችኝ። አሻንጉሊቶቹን መደርደሪያው ላይ ደርድራ እዪ አለችኝ። የሁሉም ነጠላ ተዘቅዝቋል። ወደ ታች መውረድ የነበረበት ጥለት አንገታቸው ሥር ገብቶ፣ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሴቶች መስለዋል። ለልጁ ለቀስተኛ አሻንጉሊት የሚገዛ ወላጅ የለም፤ ሟርት ነው። ባለሱቋ የወንድሜን ነገር እንደማንኛውም ሰው ሰምታለች፤ ሆኖም አንዱን ከሌላው አላገናኘችውም። እናትሽ ዓይናቸው ደክሟልና መነጽር ግዢላቸው ብላ አሻንጉሊቶቹን በዘንቢል መለሰችልኝ።

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ስፌቱን ፈታሁና ነጠላቸውን አንድ በአንድ አስተካክዬ ሰፋሁት። እሷ ምንም እንዳትሰማ ብዬ በማግስቱ መልሼ ለሱቅ ሰጠሁ።

ቀጥሎ የመጡትን አሻንጉሊቶች ስታለብስ ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አሾለከችው። ዓይኗ ከኔ ይሻላል። ከዚያ ቁራጯን ነጠላ አነሳች፣ ጥለቱ ወዴት እንደሆነ አየች፣ አዙራ ወደ አንገት አደረገችውና ሰፋችው። ስትጨርስ አሻንጉሊቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ራሷን ዳበሰቻት።

 እናቴ ታውቃለች። እሷን ሳልጠይቅ ለአጎቴ ሄጄ ብነግረው፣ «ብታውቅ ኖሮ ይቺ ሴት አገር ይይዛት ነበር ወይ? ሐዘኑ ነው የሚያቃዥሽ» አለኝ። እነዚያን አሻንጉሊቶች ወደ ሱቅ አልወሰድኳቸውም፤ አልፈታኋቸውምም። መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። እናቴ አየቻቸው፤ ለምን አልወሰድሻቸውም አላለችኝም።

ፋሲካ አለፈ። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል የነፍስ አባቷ፣ አጎቴና ሽማግሌዎቹ ደጃፋችን ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ ከኔ ቀድማ ተነስታ ነበር። መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ የራሷን ነጠላ ዘቅዝቃ ለብሳለች።

«ይግቡ አባቴ» አለች። «ስጠብቃችሁ ነው የከረምኩ።»

አጎቴ የሚገባበት ጠፋው። አባ ግን ወግ ነውና መርዶውን በአፋቸው ተናገሩ። ያኔ፣ ተነግሯት ሲያበቃ፣ እናቴ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለቀስተኛው ሲቀንስ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ጎረቤቱ በድንገት ደግ ሲሆንባት፣ አጎቴም ዓይኗን ማየት ሲያቅተው እንደጠረጠረች ነገረችኝ።

«ሳይነግሩኝ ባለቅስለት እኔው በአፌ የገደልኩት መሰለኝ» አለች። «ተሳስቼ ቢሆንስ?» ወደ መስኮቱ አየች። «እነሱ እንኳ ያልቅሱለት ብዬ ነበር። አንቺ የፊተኞቹን ፈታሽብኝ፤ ሱቁ መደርደሪያ ላይ አየኋቸው።»

 የፈታኋቸው ተሸጠው አልቀዋል፤ የሰው ልጆች ይጫወቱባቸዋል። ያልፈታኋቸው ዛሬም መስኮታችን ላይ አሉ። ለወንድሜ በጊዜው፣ ሳይደበቁ ያለቀሱለት እነሱ ብቻ ናቸው።