ብቻውን የሚቅም ሰው

ሊይዙኝ የመጡት ሁለት ሰዎች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው የገቡት። ምንጣፍ ተነጥፎ ነበርና ይህን ትሕትናቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁላቸውም። አንደኛው በፈረንሳይኛ «ለአጭር ጊዜ ነው» አለኝ። ባለቤቴ እህቷን ልትጠይቅ ድሬዳዋ ሄዳ ነበር። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ያለውን ቤታችንን በገዛ እጄ ቆለፍኩና ቁልፉን ለማን እንደምሰጥ ስላላወቅሁ ኪሴ ከተትኩት።

ጥፋቴ ጥያቄ ነበር። በዚያው ሳምንት ትንሿ ፓርቲያችን በተከራየችው አዳራሽ ማይክሮፎን ይዤ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «በወደቡ ስም የተበደርነው ገንዘብ ከየትኛው ገቢ ነው የሚመለሰው? ያንን ገቢስ ከመንግሥት ሌላ ማን አይቶታል?» አዳራሹ ውስጥ ከሰው ይልቅ ባዶ ወንበር ይበዛ ነበር። አንዱ በስልኩ ባይቀርጸኝ ኖሮ ጥያቄዬ በማይክሮፎኑ ጩኸት ተውጦ በቀረ።

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የዕቃ ማከማቻ እንደነበር ግድግዳው ላይ የቀሩት የመደርደሪያ ብሎኖች ይናገራሉ። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ባልዲ፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት። በመስኮቷ በኩል ንፋስ ይገባል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ገባም። የፖሊስ ጣቢያው አለቃ ቢሮ ከጎኔ ስለነበር የአየር ማቀዝቀዣው ጀርባ የሚተነፍሰው ወደ እኔ ነው። እሱ በቀዘቀዘ ቁጥር እኔ እጋላለሁ። ስለ ሀብት ክፍፍል ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እንደዚያ መስኮት አድርጎ ግልጽ ያደረገልኝ የለም።

አለቃው ጨዋ ሰው ነበር። በፈረንሳይኛ፣ በአክብሮት ነው የሚያናግረኝ።

«ጥያቄው ስሕተት ነበር ይበሉ» አለኝ። «በስልክ እንቀርጽዎታለን፣ ግማሽ ደቂቃ ብቻ። ከዚያ ቤትዎ።»

«ጥያቄ እንዴት ይሳሳታል? የሚሳሳተው መልስ ነው።»

«እርስዎ ብዙ አንብበዋል» አለ፣ የበሽታዬን ስም እንደሚነግረኝ ሐኪም።

ማንም አልነካኝም። ከዚያ ወዲያ ማንም አላናገረኝም ማለት ይቀላል። ሩዝና ዳቦ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ይገባል፤ ሳህኑ ባዶውን ይወጣል። ከፓርቲዬ ሰዎች አንድም ድምፅ አልሰማሁ። እኔ ሰው ሲስማማልኝ ቅር የሚለኝ ፍጥረት ነኝ፤ ጓደኞቼ ከበስተኋላዬ «ለቅሶ ቤትም ይከራከራል» ይሉኛል። እዚያ የሚከራከረኝ ሳጣ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ሁለታችንም አሸነፍን፤ ከዚያ ዝም ተባባልን። ዝምታው ሲረዝም ድምፄ እንዳይጠፋ ብዬ ስሜን ጮክ ብዬ እጠራ ጀመር። መጥራቱ ቀላል ነው፤ «አቤት» የሚለው ነው የጠፋው።

ጅቡቲን የሚያውቅ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ምን እንደሚሆን ያውቃል። ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ይበተናሉ፤ ሱቅ ይዘጋል፤ ከተማው ትራስ ተደግፎ ይቀመጣል። ጫት አልቅምም። አለመቃሜ ብቻ ሳይሆን፣ ከሰዓት በኋላችንን በሙሉ ለቅጠል እንደሰጠን የሚያትት ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ብዙ ወዳጅ አጥቻለሁ። ጡሩምባው ሲሰማ ፖሊሶቹም ከጓሮ ወዳለው ክፍል ይሰበሰባሉ። ሳቃቸው ይሰማኛል። መተላለፊያው ላይ የሚቀረው አንድ ዘበኛ ብቻ ነው።

አንድ ቀን በሩ በጣት ተመታ።

«ወሪያ! አንተ ሰውዬ፣ ተኝተሃል እንዴ?»

በአማርኛ ነው፤ ያውም በድሬዎች አማርኛ፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይለይ ሁሉን አንተ በሚለው። ከፍራሹ ተነስቼ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«አልተኛሁም።»

«ድሬ ነህ አሉኝ። የት ሰፈር?»

«ከዚራ።»

«ወላሂ! እኔ አክስቴ ዘንድ ነው ያደግሁት፣ ገንደ ቆሬ። የእናንተን ማንጎ ሰርቄያለሁ ማለት ነው።» በክፍተቱ በኩል ለምለም የጫት ቀንበጥ ብቅ አለ። «እንካ።»

«አልቅምም።»

«ድሬ ተወልደህ?»

«ድሬ ተወልጄ።»

«ታዲያ እውነትም ተቃዋሚ ነህ» አለ።

ሳቅሁ። ሳቄ ክፍሉ ውስጥ የሌላ ሰው ሳቅ መስሎ ተሰማኝ።

ቀንበጡን ወደ ውጭ ገፋሁለት። ከጠረፍ ጣቢያ ተዛውሮ ከመጣ ብዙ እንዳልቆየ፣ ጓሮ ያሉት ፖሊሶች «ክፍሉ ሞልቷል» ብለው እንደመለሱት የነገረኝ ያኔ ነው። ለሚቅም ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። በርጫ የሚባለው የቃሚዎች ስብስብ ያለ ጨዋታ፣ ጨዋታም ያለ ሰው አይሆንም።

«ብቻውን የሚቅም ከጂኒ ጋር ይቅማል ትል ነበር አክስቴ» አለኝ። «አንተ ከጂኒ ትሻላለህ።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣ። እሱ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ በሩን እንደገፋለን። ስለ አሮጌው ባቡር አወራን፤ አባቱ የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ነበር፣ እዚህ ጅቡቲ፤ የኔ አባት ደግሞ በዚያው ባቡር ጨርቅ ያመላልስ ነበር። ሁለቱ ተጨቃጭቀው መሆን አለበት አልን። በየቀኑ አንዲት ቀንበጥ በክፍተቱ ያስገባል፤ በየቀኑ መልሼ እገፋለታለሁ። «ግትር» ይለኛል። በጫት ላይ ያን ሁሉ የጻፍኩት ሰው ከረፋዱ ጀምሮ ጆሮዬን አቁሜ የጫት መኪና ጡሩምባ እጠብቅ ነበር። ሲዘገይ ልቤ ይረበሻል። ቃሚዎች ሐራራ የሚሉት ይኸው ይሆናል።

ይህን አለቃው ሰማ። የማይመታ ሰው ምኑ ላይ እንደሚመታ ማየት ሥራው ነው።

በማግስቱ ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ ዘበኛው ዘግይቶ መጣ። በሩን አልመታም። ሲቀመጥ ሰማሁት፤ ቅጠል ሲቀነጥስ ግን አልሰማሁም።

«ምነው?» አልኩት።

«ስልክ ሰጡኝ።»

ጆሮዬን ወደ ክፍተቱ አስጠጋሁ።

«ያቺን ግማሽ ደቂቃ ካልክ ዛሬውኑ ትወጣለህ፤ እኔም ጓሮ እገባለሁ። ካላልክ ከነገ ጀምሮ እዚህ በር ላይ አፉን የሚከፍት አይኖርም። እኔን ወደ ጠረፍ ይመልሱኛል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ፣ ምን ይጎድልሃል? ንግግር አይደል? ስትወጣ ደግሞ ትጠይቃለህ።»

ጀግንነት ቢሰማኝ ደስ ባለኝ። የተሰማኝ ሌላ ነው፤ የነገው ሰባት ሰዓት፣ የተነገወዲያው ሰባት ሰዓት። ጡሩምባው ይነፋል፣ በሩ ግን ዝም ይላል። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ከሱ ለማምለጥ ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር፤ አፌ ውስጥም ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ስሕተት ነበር ብዬ ብወጣ፣ ጥያቄውን ደግሜ ሳነሳ ማን ያምነኛል? እኔስ ራሴን?

«ስልኩን ክፈተው» አልኩት።

በክፍተቱ በኩል ብርሃኑ ገባ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ አዳራሹ ውስጥ ካልኩት ቃል አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ፣ ቀስ ብዬ ጠየቅሁ። ገንዘቡ ከየትኛው ገቢ ነው የሚመለሰው? ያንን ገቢስ ከመንግሥት ሌላ ማን አይቶታል?

ብርሃኑ ጠፋ። የጓሮው ሳቅ ይሰማል።

«ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?» አለኝ ዘበኛው።

«አላውቅም። ባውቅማ ለምን እጠይቃለሁ?»

«እኛም የምንከፍለው ነው ማለት ነው፣ ያንን ብድር?»

«አንተም፣ እኔም፣ ጓሮ ያሉትም።»

«ግትር» አለ። እንደ ሌላው ቀን አልነበረም አባባሉ። ከዚያ ቅጠል ሲቀነጥስ ሰማሁ፤ ቀንበጧም በክፍተቱ ብቅ አለች። ከነገ ጀምሮ ጠረፍ ላይ፣ በሙቀቱ መሐል፣ ከማን ጋር እንደሚቅም አሰብኩ። ያን ቀን መልሼ አልገፋሁለትም። አልቃምኩትም። እስኪመሽ በእጄ ይዤው በሩን ተደግፌ ተቀመጥኩ፤ እንደያዝኩት እንዲያውቅ ጫፉን በክፍተቱ በኩል እያሳየሁት።

በማግስቱ ጡሩምባው ተነፋ። በሩ ዝም አለ። ዝም እንዳለም ቆየ። ከብዙ ቀን በኋላ ለቀቁኝ፤ ሲይዙኝ ያልተነገረኝ ምክንያት ሲለቁኝም አልተነገረኝም። ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጥያቄውን ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አንስቻለሁ፣ በዚያው ቃል። ባዶዎቹ ወንበሮች ያው ናቸው። መልስ አልመጣም፤ የጫቱ መኪና ግን ከሰዓቱ አያልፍም። ጫትን በተመለከተ አቋሜን አልለወጥኩም። የለወጥኩት አንድ ልማድ ነው። በሰባት ሰዓት፣ ሰፈራችን ጭር ሲል፣ ከተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ካርቶን አንጥፎ ብቻውን የሚቅም ዘበኛ ካየሁ አላልፈውም።

ባለፈው አንዱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀንበጥ ዘረጋልኝ።

«አልቅምም» አልኩት።

ገልመጥ አድርጎ አየኝ። «ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልቀመጥ።»

ካርቶኑን ወደ እኔ ሳብ አደረገልኝ።