ለጃፓን የሞላሁት ቅጽ

ጃፓንን መጀመሪያ የወደድኳት በቀለሟ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ላሊበላ እንግዳ ጠፍቶባት ሳለ፣ አንዲት ጃፓናዊት የቤተ ክርስቲያኖቹን ግድግዳ ልትለካ መጥታ ጎረቤታችን ሁለት ወር ተቀመጠች። ስትሄድ ለአባቴ ብሩሽና ጣት የሚያህል ደረቅ ቀለም፣ ለእኔ ደግሞ የልጆች የፊደል መጽሐፍ ሰጠችን።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት የሚጽፉ። ያንን ደረቅ ቀለም አሸተቱት፣ በምላሳቸው ቀመሱት። "ጥላሸት ነው! እነዚህም እንደኛው በጥላሸት ነው የሚጽፉ!" አሉ። ደስታቸው ዘመድ ያገኘ ሰው ደስታ ነበር።

ሴት ልጅ ነኝና ብራና ፊት ተቀምጬ አላውቅም። በጃፓን ፊደል ግን ማንም አልከለከለኝም። እሳቸው በመቃ ብርዕ ግዕዝ ሲጽፉ፣ እኔ ጎናቸው በብሩሽ ጃፓንኛ እለማመዳለሁ። እንደ ተማሪዎቻቸው "የኔታ" ነበር የምላቸው። አንድ ቃል ሳያውቁ መስመሬን ያርሙኛል፤ ደግሞ አይሳሳቱም።

ከሴትዮዋ ጋር ሁለት ዓመት ተጻጻፍን። በመጨረሻ፣ እዚያ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ወጪዬን ችሎ እንደሚቀበለኝ ጻፈችልኝ። በደስታ ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም። የቀረኝ የመውጫ ፈቃድ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን ካድሬዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ የልምምድ ወረቀቶቼን አገኙ። ያንን ሁሉ ምልክት አይተው የወንበዴ ምስጢራዊ መልእክት ነው አሉ። "የጃፓን ፊደል ነው" ልል አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ።

"የኔ ነው። ለክታብ የምጽፈው አስማት ነው" አሉ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ክታብ ጸሐፊን ሲረግሙ የኖሩ ሰው! ካድሬው አላመናቸውም። ግን የወሰደው እሳቸውን ነው።

የመውጫ ፈቃዱ ቅጽ ላይ "በፀረ አብዮት ወንጀል የታሰረ ቤተሰብ አለ?" የሚል ጥያቄ ነበረበት። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የእናቴ ወንድም ነበሩ። "አለ ካልሽ ከዚህ ንቅንቅ አትይም። የለም ካልሽ ደሞ አባትሽ የታሉ ይሉሻል። ሙተዋል በይ። እኔም ወረቀቱ እንዲገጥም ከመዝገቡ እሰርዛቸዋለሁ" አሉኝ።

እናቴ አማተበች። "በቁማቸው ልትቀብሪያቸው? የፈሩት ይደርሳል፣ ልጄ" አለችኝ።

ጻፍኩ። መሄድ ፈልጌያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ስንቅ ይዤ አውራጃው እስር ቤት ሄድኩና በሽቦው በኩል በሹክሹክታ ነገርኳቸው። "የኔታ፣ ሙተዋል ብዬ ጻፍኩዎ።"

ፈገግ ብለው "ተዝካሬን እንኳ ሳታወጪ?" አሉኝ። "ሂጅ። የሞተ ሰው ከእንግዲህ ምን ይጎዳዋል?"

ሄድኩ። ጃፓን በገባሁ በዓመቱ መፈታታቸውን ሰምቼ በጠባቧ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ወዲያው ድርቁ መጣ፣ ላስታ የጦር ሜዳ ሆነ፣ ደብዳቤም ተቋረጠ። የቀረውን እናቴ የነገረችኝ ደርግ ወድቆ አገሬ ስገባ ነው።

የእርዳታው ስንዴ የሚታደለው በቀበሌው መዝገብ፣ በነፍስ ወከፍ ነበር። አጎቴ ዘምተው ቀርተዋል። አዲሱ ሊቀ መንበር ከሌላ አገር የመጣ፣ ሰውን በወረቀት እንጂ በመልክ የማያውቅ ነው። የእናቴ ስም ተጠራ፤ የአባቴ አልተጠራም።

"ይናገሩ እንጅ! አለሁ ይበሉ!" ብላ ጮኸችባቸው።

"ልጅቱ ዋሽታ ሄደች ልበል? ከትምህርቷ ያስመልሷታል" አሏት።

በአንድ ሰው ስንዴ ሁለት ሆነው ኖሩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አባቴ ሲመሽ ብቻ መቅመስ ጀመሩ። ፋሲካ አለፈ፤ አሁንም "ጾም ላይ ነኝ" ይላሉ። "በበዓለ ሃምሳ የሚጾም የቤተ ክርስቲያን ሰው የት አለ? ያን ጊዜ ገባኝ። ድርሻቸውን ለኔ እየተዉ ነበር" አለች እናቴ። በዚያው ሰሞን እኔ ሩዙ ሰልችቶኝ ከሳህኔ እያተረፍኩ እደፋ ነበር። ይህን ሳስብ ራሴን እጠላለሁ።

ጰራቅሊጦስ ሳይደርስ ሞቱ። ቀበሌው ለሟች መገነዣ አቡጀዴ ይሰጥ ስለነበር እናቴ ልትጠይቅ ሄደች። ሊቀ መንበሩ መዝገቡን ገልጦ አየና "እኒህ ሰው እኮ ዱሮ ሙተዋል" አላት።

"አዎ፣ ዱሮ ነው" አለችው። ተመልሳ በራሷ ነጠላ ገነዘቻቸው።