ከመስኮቱ ሥር የቀረችው ሸክላ

ፈንታሁን ሞተ ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣው "እንዴት ይሆናል፣ ገና ፋሲካ መች ደረሰ" የሚል ነገር ነው። የደወለችልኝ እህቱ ምን እንደምቀባጥር አልገባትም።

የሰማሁት ጠዋት ነው፤ የምጽፈው ግን አሁን ነው። እናቱ እማማ ጥሩነሽ እስኪረዱ መጠበቅ ነበረብኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ቤት ድረስ ይሄዳል።

ከሙዚቃ ሸክላ ሰብሳቢ ጓደኞቹ አንዱ ይህን ስለማያውቅ ፎቶውን ከሻማ ጋር ለጥፎት አገኘሁ። ደውዬ አጥፋው ስለው "ማ ፒትኦም፣ ምን ሲደረግ፣ ሰዉ ሁሉ እየጠየቀኝ ነው" ብሎ ተከራከረኝ። የፈንታሁን እህት ልጆች ስልክ ላይ ተጥደው እንደሚውሉ፣ አያታቸውም እዚያው አጠገባቸው እንዳሉ ስነግረው አጠፋው። የገባው አይመስለኝም፤ ቢሆንም አመሰግነዋለሁ።

ለማታውቁት፣ ፈንታሁን እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ባሕር ዳርቻ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ያለው ሕይወቱ ሸክላ ነው፤ ኤሌክትሮኒክና ከተለመደው ወጣ ያለ የጊታር ሙዚቃ። ለአዲስ ሥራ ሁሉ አስተያየት ነበረው፣ ግን አይቸኩልም። መስከረም ጥቅምት ላይ በሚውለው የዳስ በዓል፣ በሱኮት ሰሞን የወጣ ሸክላ እስከ ፋሲካ ክፍሉ መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ እዚህ ዝናብ በሚጥልባቸው በእነዚያ ወራት እያነሳ ይሰማዋል። ምን ይመስልሃል ስትሉት መልሱ አንድ ነው፦ "ሬጋ፣ ቆይ፣ ይክረምና እናያለን።"

ፋሲካ ሲያልፍ ይፈርዳል። ያልወደደው ደረጃው አጠገብ ካለው ካርቶን ይገባል፣ የፈለገ ጎረቤት ይወስደዋል። የወደደው እናቱ መኝታ ክፍል ይገባል፤ የባሕሩ እርጥበት የማይደርስበት እሱ ብቻ ነውና። እማማ ጥሩነሽ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ደንታ የላቸውም፤ ግን በሸክላ ተከበው ነው የሚያድሩት።

ለማንም አያዳላም ነበር። አንድ ሰሞን መሲንቆን ከማሽን ከበሮ ጋር የደባለቀ ሸክላ ወጥቶ ሁላችንም አበድንለት፣ ሰፈሩም ኮራ። እሱ ክረምቱን ሙሉ ሰምቶት "መሲንቆውን እንግዳ ብለው ጠሩት፣ ከዚያ በር ላይ አቆሙት" አለና ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። አዝነናል እያሉ የሚዘፍኑትን የጊታር ልጆች ደግሞ ያዘነ ሰው ፀጉሩን እንዲህ አያበጥርም ይላቸው ነበር። አንዲት ጭር ያለች፣ ድምፅ እንደ ውሃ ጠብታ አልፎ አልፎ የሚሰማባት ሸክላ ግን እናቱ ክፍል ገባች። ዝም ማለት ታውቃለች አለ። እኔን እንቅልፍ ወሰደኝ።

እኔም ናታንያ አጠገብ ባለችው ክፋር ዮና፣ ቤቴ ውስጥ ከሥራ መልስ በኮምፒውተር ሙዚቃ እሠራለሁ። ባለፈው ሱኮት የመጀመሪያ ሸክላዬን አሳትሜ በአውቶቡስ ወሰድኩለት። ሁለተኛ ልሥራ ወይስ ይቅርብኝ የሚለውን ለእሱ ፍርድ አሳድሬው ነበር። "ሬጋ እህቴ" አለኝና መስኮቱ ሥር አቆማት። ክረምቱን ሙሉ አልጠየቅኩትም።

ዛሬ ከቀብር መልስ እማማ ጥሩነሽ እጄን ይዘው "ልጄ፣ ያች ሸክላሽ ከመስኮቱ ሥር ናት፣ ውሰጃት" አሉኝ። ገብቼ አየኋት፣ አለች። እያፈርኩም ቢሆን ስለሷ ያለው ነገር ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ለእኔማ ምን ይነግረኛል፣ ሬጋ ነው የሚለኝ" አሉ።

ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ተናድጄበታለሁም። ለፋሲካ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር።

ፈንታሁን፣ ሸክላዋን አልወሰድኳትም። ፋሲካ ሲያልፍ መጥቼ በማጫወቻህ ሁለቱንም ገጿን እሰማታለሁ። ካልሆነች ካርቶኑ ውስጥ የምከታት እኔው ነኝ፣ ለራሴ አላዳላም። ከሆነች ደግሞ ሳልጠይቅህ እናትህ ክፍል አስገባታለሁ። እስከዚያ አንተ ባቆምክበት ትክረም። ደህና ሁን ወንድሜ።