ሞሜ ቦዩን የሚሻገርባቸው እሑዶች

ሞሜ ሎሬንሰን ጀርመን አገር በመንገድ ገብቶ አያውቅም። ድንበሩ ከበግ ማሰማሪያዬ ጀርባ ያለው ቦይ ነው፤ እሱም እንደማናችንም በዘንግ ይዘለው ነበር። በእኛ ረግረግ ልጅ ገና በሕፃንነቱ የሚማረው ይህንኑ ነው። ጭቃ እንዳይውጠው ጫፉ ላይ ክብ እንጨት የተመታበትን ረጅም ዘንግ ቦዩ መካከል ይተክልና ተንጠልጥሎ ማዶ ይወርዳል። ሩድቦል መንደር ድልድይ አለ፤ ግን ሩቅ ነው፤ ቀረጥ ጠባቂዎቹም ያቆማሉ።

በልጅነታችን አዲሱ ድንበር መጥቶ በቦዩ መካከል እስኪያልፍ ድረስ ሁለቱም ዳርቻ የአባቱ ነበር። እህቱ ዊብኬ ማዶ ላለ ገበሬ ከተዳረች ጀምሮ ሞሜ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ይሻገራል። እኔ ጎረቤቱ ነኝ። የክት ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ዘንጉን ተሸክሞ በበጎቼ መካከል ሲያልፍ ያላየሁበት እሑድ ጥቂት ነው።

ሰባ አራት ዓመት በሞላበት ዓመት፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ቦዩን በማሽን ጠርገው አሰፉት። ሞሜ ዳሌውን ያመው ጀምሯል። በሚቀጥለው እሑድ አብሬው ወረድሁ። ዊብኬ ሽርጧን እንደታጠቀች ማዶ ቆማለች።

«ዛሬ በድልድዩ ዙር» አለችው።

«በአባቴ ሜዳ ለመሄድ ፓስፖርት ላሳይ?»

ዘንጉን ተከለ። ሰውነቱን አስጠጋ፤ ተመለሰ። እንደገና ሞከረ፤ አሁንም እግሩ ከመሬት አልተነሣም።

«ነፋሱ ነው» አለ።

«የኔ ጭስ ማውጫ ስለ ነፋሱ አልሰማም» አለች ዊብኬ። ጭሱ ከቤቷ ጣሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር።

ሞሜ የዘንጉን ጫፍ ከጭቃ ነቅሎ በሣሩ ይጠርግ ጀመር፤ የጠራውን ደግሞ መልሶ ጠረገ። እኔ ወደ በጎቹ ዞርሁ።

«ወዲህ ወርውርልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ዘንጉን ነዋ። ምን ሌላ አለህ?»

ወረወረላት። ቀሚሷን ሰብስባ ሽርጧ ውስጥ ሻጠች።

«አንቺ ሴት፣ አያት እኮ ነሽ!»

«አንተስ ማን ነህ፣ ጎረምሳው?»

ልጃገረድ ሳለች በዘንግ ዝላይ ሁለታችንንም ትበልጠን ነበር። ካገባች በኋላ አማቷ ነውር ነው ስላሏት ተወችው። አሁን ግን ሁለት እርምጃ ተንደርድራ ዘንጉን ተከለች፤ አየር ላይ ትንሽ የቆየች መሰለኝ፤ ከዚያ በእኛ በኩል ወረደች። አንድ እግሯ ውኃ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባ። እጇን ይዤ አወጣኋት።

ሞሜ ፊቱ ቀልቷል። «ማን ጠራሽ?»

«አንተንስ ማን ጠርቶህ ያውቃል? ዕድሜ ልክህን ሾርባዬን ስትጠጣ!»

«ቤቴ ጥቁር ዳቦና የተጨሰ ዓሣ ብቻ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ። ይሸታል።»

ሳቀ፤ ግን ዘንጉን ከእጇ ሲቀበላት አላያትም። ወደ ቤቱ ሲሄዱ እሷ ቀደመች።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ የምትመጣው እሷ ሆነች። ልጇ በመኪና በድልድዩ በኩል ያመጣታል፤ ሞሜም የመንገዱ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቃታል። ደስተኛ ነበር፤ ሲነግረኝም ሰምቻለሁ። እኔ ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ በበጎቼ መካከል ማንም የማያልፍበትን ያን ሜዳ ለመልመድ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።