ያልመለስኩት «እኔን»

ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ወደ ዓለም ከተማ ስሄድ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘና ግንባሬ ከፊቴ ካለው ወንበር ብረት ጋር ተላተመ። ከኋላዬ አንዲት ወጣት «እኔን!» አለች። የተመታው ግንባሬ ነው፤ የቀዘቀዘው ግን ጀርባዬ። ቃሉ ወደ ጓሳ፣ ወደ አገራችን የጋራ የሣር ተራራ፣ መለሰኝ።

ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ ነው። ጓሳ ለሣር አጨዳ የተከፈተበት ጊዜ ሊያበቃ ተቃርቧል። አክስቴ እትዬ ብርቄ ክረምቱን ያሳለፉት ከሚያፈስ ክዳን ሥር ድስት ሲደረድሩ ነው። ያን ቀን ካላጨድን ጓሳ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ ለዓመታት ነው። የገብስ ቆሎ ቋጥረን በማለዳ ወጣን። ወደ ቀትር ላይ ጉሙ ወረደ፤ የጅብራው ተክል ሁሉ ነጠላ ለብሶ የቆመ ሰው መሰለ።

«አንተ፣ ሣር ነው ግጥም የምታጭደው?» አሉኝ አክስቴ ከወዲያ ሆነው።

እውነታቸውን ነበር። አፌ ቤት ሲያስመታ እጄ ሳተ። ማጭዱ አውራ ጣቴን አገኘው፤ አጥንቴን ሲነካው ተሰማኝ።

«እኔን!» አለ አንድ ዝግ ያለ ድምፅ፣ እዚያው አጠገቤ።

«ደህና ነኝ እትዬ፣» አልኩ።

«ምን ሆነህ ነው ደህና ነኝ የምትለኝ?» አሉ ከሩቅ።

መጥተው የሆነውን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«መለስክለት?»

«ምን ብዬ?»

«አንተን አይንካህ ነዋ! ‹እኔን› ያለ ሰው በአንተ ፈንታ እኔን ያግኘኝ ነው ያለው። የጥንት ሰው ሙሉውን ይለው ነበር፤ እኛ ቆርጠን አስቀረነው። ካልመለስክለት ቁስልህን ይዞልህ ይሄዳል።»

ጣቴን አየሁ። ቀጭን ጭረት ብቻ፤ ደም እንኳ የለው።

ሸክማችንን ይዘን ስንወርድ መንገድ ዳር በቅጡ ያልታሰረ ሣር አገኘን። ማጭድ ላዩ ላይ ተጥሏል፤ ሣሩ በትኩስ ደም ርሷል። አጫጁ የለም። እየተጣራን ዙሪያውን ፈለግን። በመጨረሻ አክስቴ ወንድ ይሁን ሴት አያውቁምና ወደ ጉሙ ዞረው ሁለቱንም ጮኹ፤ «አንተን አይንካህ! አንቺን አይንካሽ!»

ከአጫጆቹ መካከል እጁን የተቆረጠ አልተገኘም። የአክስቴ ቤት ተከደነ፤ ያን በደም የራሰ ሣር ግን የነካው የለም።

ሰው ለማያውቀው ሰው ይህን የሚያህል ነገር በአንዲት ቃል መስጠቱ አሁንም ይገርመኛል፤ ያስፈራኛልም። ስለዚህ አውቶቡሱ ውስጥ ግንባሬን ሳልነካ ወደ ኋላ ዞርኩና «አንቺን አይንካሽ» አልኳት።

ሳቀች። «ይህም መልስ አለው እንዴ?»

መዳፏን ግንባሯ ላይ ጫን አድርጋ ይዛ ነበር። ያኔ የራሴን ግንባር ዳበስኩት። አላመመኝም።