የቅሬው ድንኳን በዋጃዋ ሴት ደጅ

የድርጅታችንን ሥራ ሊያዩ የሚመጡት እንግዶች ከደሴ የሚገቡት ጠዋት ለሦስት ሰዓት ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ቆቦ ውስጥ ጥላ እየለመንኩ እዞራለሁ።

ሥራዬ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው። እንዲህ ሲሉት ድለላ ይመስላል፤ ደመወዝ የሚከፍለኝ ግን አንድ ትንሽ ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸውን ጥለው ወደ ከተማችን የገቡትንና ነባሩን ነዋሪ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ አዳራሽ ውስጥ እናስቀምጣለን። ለስላሳ እንጋብዛለን። ክር እንወራወራለን። ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጥና አንዱ ስለ ራሱ ትንሽ ተናግሮ፣ የክሩን ጫፍ እንደያዘ ጥቅሉን ለሌላው ይወረውራል፤ በመጨረሻ መሀሉ ድር ይሆናል። ያኔ እኔ እነሳና "አያችሁ፣ ሁላችንም ተሳስረናል" እላለሁ። ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ስላለበት መቀስ አምጥቼ እቆርጠዋለሁ።

ክሩን ከሚይዙት አንዷን ከተማው "ዋጃዋ" ይላታል። ከዋጃ ከተማ የመጣች ሙስሊም ሴት ናት፤ ከአንዲት ልጇ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ባሏ ሲሸሹ መንገድ ላይ ታሞ ሞቶባታል። ጉድጓዱን የቆፈሩለት እሷና አንድ የማታውቀው መንገደኛ ናቸው። ይህንን የነገረችኝ በክሩ ሰዓት አይደለም፤ በክሩ ሰዓት የምትናገረው ሽሮ እንደምትወድ ነው።

አንድ ቀን ክሩን ስቆርጥ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"እህቴ፣ ይሄን ክር አሥር ጊዜ ይዣለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብሞት ማን ይቀብረኛል?"

ለሁሉም ጥያቄ መልስ እንድሰጥ ሠልጥኛለሁ፤ ለዚህ አልሠለጠንኩም። "አላህ ዕድሜ ይስጥሽ" አልኳት።

"አሚን። እሱን ግን አልጠየቅኩሽም።"

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። የእኛ ሰፈር ቅሬ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚቀበርበት ነው። ሰው ሲሞት ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ይወጣሉ፣ ሴቶቹ ውሃና ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ፣ ድንኳን ይተከላል። ይህ ሁሉ ግን ለአባል ነው። ላልተመዘገበ ሰው ቅሬው አይወጣም፤ ሕጉ እንዲህ ነው፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ዋጃዋን ለዓመት ያህል ከሰው ጋር ሳገናኝ፣ ይህን አንድ ነገር አለማሰቤ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ጉዳይዋን ለቅሬው አቀረብኩ። የተቃወመው አንድ ሽማግሌ ነው፤ በሮቢት መንገድ ማሽላ የሚያርስ፣ ቃሉ የሚከበር ክርስቲያን። ልጁ በጦርነቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ሬሳውም አልመጣ፣ ወሬውም አልመጣ።

"ቅሬ ለሚኖር ሰው ነው" አለ። "መጤ ነገ ይሄዳል። ደሞስ ወገኗ የት እንደሆነ ማን ያውቃል?"

 የቅሬው ዳኛ "ይደር" አለ። አደረ፣ ከረመ፣ ሦስት ወር ሆነው። በመጨረሻ የሚመጣው እሁድ ይቆረጥ ተባለ። የእኛ ቅሬ አንዴ እንቢ ካለ ነገሩን ዓመት ሳይሞላ አያነሳውም፤ ሞት ደግሞ ዓመት ሲሞላ ጠብቆ አይመጣም።

እንግዶቹ የሚመጡት ከዚያ እሁድ በፊት በነበረው ሐሙስ ነው። ጠዋት አዳራሹን ስከፍት ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ ጭቃ ሆኗል። ዋጃዋ ይህን ስትሰማ "የተከራየሁበት ግቢ ሰፊ ነው፣ እዚያ ይሁን" አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችኝ። ለእንግዳ ቂጣ ልጋግር ብላ ማሽላዋን ተሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት ሄደች።

ግቢው ሰፊ ነው፤ ጥላ ግን የለውም። የቆቦን ፀሐይ የማያውቅ እንግዳ እዚያ ሥር ማስቀመጥ ነውር ነው። ቅሬው ድንኳን እንዳለው ትዝ አለኝና ወደ ዕቃ ጠባቂው ቤት ሮጥኩ። እሱ አልነበረም፤ ሚስቱን "ድንኳኑን ፈልጌ ነበር፣ ለዋጃዋ ግቢ" አልኳት። ከንፈሯን መጠጠችና ቁልፉን ከምሰሶው አውርዳ ሰጠችኝ። በምን ምክንያት ከንፈሯን እንደመጠጠች አልጠየቅኩም። የደከመኝን አይታ ያዘነችልኝ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ ማንም የቆቦ ሰው ምን እንዳጠፋሁ ገብቶታል። ቅሬው ሁለት ድንኳን ነበረው። የሠርጉ ነጭ ድንኳን በጦርነቱ ጊዜ የገባበት አልታወቀም። የቀረው ያረጀ አረንጓዴ ሸራ ነው፤ ጎኑ በጆንያ የተጣፈ፣ ለሐዘን ብቻ የሚወጣ። አባቴን የሸኘነው በዚያ ሥር ነው። ይህን እያወቅኩ ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዤ ሄድኩና ድንኳኑን አስተከልኩት። ጥላ እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ከዚያ እንግዶቹን ልቀበል ወደ ዋናው መንገድ ወጣሁ። ስደውል ጎብዬ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው ቆመዋል። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ፤ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል አንዲት የሰፈሬ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየተጣደፈች መጣች።

"አንቺ እዚህ ተገትረሽ ምን ትሠሪያለሽ? ዋጃዋ ሞታ የለም እንዴ" አለችኝ።

አመንኩ። ጠዋት ስቃ የሸኘችኝን ሴት ሞተች ሲሉኝ እኔም አመንኩ። የወፍጮው ቀበቶ ሲበጠስባት በሐሳቤ አየሁ፣ መኪና ሲገጫት አየሁ፤ እግሬ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። "ማን ይቀብረኛል" ያለችኝ ብቻ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ወደ ግቢው ታጥፌ ድንኳኑን ከሩቅ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። የገደልኳት እኔ ነኝ።

ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ውሃ በጀሪካን መጥቷል፣ ንፍሮ ተጥዷል። የዕቃ ጠባቂው ሚስት ለከፈን የሚሆን ነጭ አቡጀዴ ታቅፋለች። ወንዶቹ አጥሩን ተደግፈው አካፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ከፊታቸው ሽማግሌው ነበር፤ ያ የተቃወመው። ዶማው ትከሻው ላይ ነው። ሲያየኝ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

"ከሙስሊሞቹ መቃብር በየት በኩል ይሁን ተባለ? የነሱ ሬሳ አይዘገይም፤ ፀሐዩ ሳይበረታ እንጀምር እንጂ ልጄ።"

 ልናገር ስል የሰዉ ዓይን ወደ በሩ ዞረ።

ዋጃዋ ዱቄቷን ተሸክማ በሩ ላይ ቆማለች። ድንኳኑን አየች፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች፣ አካፋውን አየች። ሰው ደጁ ላይ ድንኳን ሲያይ ስለ ራሱ አያስብም። ጆንያው ከጀርባዋ ተንሸራቶ ወደቀና ተዘረገፈ።

"ልጄን?" አለች። ድምፅ አልነበረውም፤ ከንፈሯ ነው ያለው።

ሮጬ ያዝኳት። "ልጅሽ ትምህርት ቤት ናት። ማንም አልሞተም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።" ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው የሰማችኝ። ስትሰማኝ ዱቄቱ ላይ ቁጭ አለች።

 ከዚያ ቁጣው መጣ። የቅሬው ዳኛ ጣቱን እየወዘወዘ "በሞት ይቀለዳል? እዚሁ ተወልደሽ ይህ ጠፋሽ?" አለኝ። እውነቱን ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያራገፉ ተነሱ። ከወንዶቹ አንዱ "ይሄ ሟርት ነው፤ እሁድን መጠበቅም አያስፈልግ፣ ይቺ ሴትዮ ገና ሳትገባ ቅሬውን አዋረደችው" አለ። "እሷ የለችበትም፣ እኔ ነኝ" አልኩ፤ የሰማኝ የለም። ሦስት ወር የተለመነው ነገር በእኔ እጅ ሲበላሽ ቆሜ አየሁ። 

ዋጃዋ ከመሬት ተነሳች። ፊቷ ድረስ ዱቄት ሆናለች። እኔን አልፋ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

"አባ፣ ይሄን ዶማ ለኔ ብለው ነው የያዙት?"

ዶማውን አንዴ አየው። "ለማን ይሆናል ታዲያ?"

"አባል አይደለሁም እኮ።"

"ሰው ሲሞት አባል ነው ወይ ተብሎ ይጠየቃል?" አለ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ለራሱም ተሰማው መሰለኝ፤ አንገቱን ደፋ። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቶታል።  በኋላ ዶማውን ከትከሻው አውርዶ ተደገፈውና ለማንም ሳይሆን ለመሬቱ ተናገረ።

"ልጄን ማን እንደቆፈረለት አላውቅም። አንድ የማያውቀው ሰው ቆፍሮለት ይሆናል እያልኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።"

"ባሌን የማያውቀው ሰው ነው የቆፈረለት" አለች ዋጃዋ። "ቆፍሮ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ መንገዱን ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።"

ከዚያ ወዲያ የተቆጣ ሰው አላየሁም። ንፍሮው በስሎ ስለነበር ሰው ተቀምጦ በላ። እንግዶቹ ሲደርሱ አጥሩን በተደገፈው አካፋ ተገርመው ምን እንደተካሄደ ጠየቁኝ፤ ላስረዳቸው ሞክሬ ተውኩት። ክሩን ከቦርሳዬ አላወጣሁም።

እሁድ ዋጃዋ ተመዘገበች። ዋስ የሆናት ሽማግሌው ነው። እኔ ለዓመት በየሐዘኑ ቤት ቀድሜ እንድገባና መጨረሻ እንድወጣ ተፈረደብኝ፤ ተገቢ ቅጣት ነው፣ እየፈጸምኩት ነው።

ሰሞኑን ከዋጃዋ ጋር አንድ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ሆነን ሳህን ስናጥብ ያ ቀን ተነሳ። ማን ምን ይዞ እንደመጣ አንድ በአንድ ታስታውሳለች፤ ጀሪካኑን፣ አቡጀዴውን፣ ንፍሮው የተቀቀለበትን ብረት ድስት ሳይቀር።

"ሁሉም ለኔ አንድ ነገር ይዞ መጥቶ ነበር" አለችኝ እየሳቀች። "ባዶ እጅሽን የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"