ሳይነካኩ አብሮ መኖር

ለአሰላው ጎረቤቴ ለሐጂ ቃሲም፣ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ የመጀመሪያው ረመዳን ነበር። "ዛሬ ና፣ አብረን እናፍጥር" አለኝ። እኔ ደግሞ ሁዳዴ ይዣለሁ። እምቢ ብል ይከፋዋል፣ ብበላ ጾሜ ይፈርሳል። ሄድኩ።

ትሪውን ሳምቡሳ ሞልቶታል፤ የረመዳን ሳምቡሳ ደግሞ ስጋ አያጣም። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛ የምታስተምረው ልጁ ዘሀራ፣ "ጋሼ፣ ዛሬ ተማሪዎቼን 'ኮኤግዚስት' የሚል ቃል አስተማርኳቸው" አለችኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"የተለያዩ ሰዎች ሳይነካኩ አብረው ሲኖሩ ነው። ለጎረቤትም ለአገርም ይባላል።"

"እንደኛ ነዋ" አልኩ፣ ወሬው እንዲረዝምልኝ።

ሐጂ ሳቀ። "ሳይነካኩማ ምኑን አብረው ኖሩት? ይልቅ አፍህን ክፈት፣ ታደሰ።"

አንድ ሳምቡሳ አንስቶ ወደ አፌ አመጣ። የተቀመጥኩት ሚስቱ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ነው። በልቤ "ማረኝ" ብዬ አፌን ከፈትኩ።

ምስር ነው።

"ጋሼ፣ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ እኮ ቤታችን ስጋ አልገባም" አለች ዘሀራ። "አባቴ 'ታደሰ ድንገት ከመጣ' እያለ ከልክሎን።"